የልጅነት የሰልፍ መዝሙሬ ከልጄ ጋር አቀያየመኝ

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ዓይኔን ሞራ ስለጋረደው ይህን የምትጽፍልኝ ምራቴ ናት። የደሴ ልጅ ነኝ። ዘንድሮ 63 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው፣ አላህ ይዘንለት። አሁን የምኖረው ከመጨረሻው ልጄ ጋር ነው።

አባቴ ሰኞ ገበያ ልብስ ሰፊ ነበር። በ1961 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል ያስገባኝ ሚስዮኖች በከፈቱት ትምህርት ቤት ነው። ዘመድ አዝማድ «የሙስሊም ልጅ እዚያ ምን ትሠራለች?» ሲለው፣ «ፊደሉን ከእነሱ ትያዝ፣ ዲኑ እኔ ቤት አለ» ይል ነበር። ጠዋት እዚያ፣ ከሰዓት ቁርአን ቤት። ደብተሬን አስቀምጬ ሎሄን አነሳለሁ።

ጠዋት ቸርኬው ሲደወል ሰልፍ እንይዛለን። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ግቢውን ሲሞላው ከፊቴ ያለው ልጅ ጀርባ እንጂ ሰንደቅ ዓላማው አይታየኝም። ጥፍር ይታያል፣ መሐረብ ይታያል። ከዚያ መዝሙር አለ። ስለ ንጋት፣ ስለ ፈጣሪ ቸርነት የሚል አጭር መዝሙር ነው። ቀጥሎ የንጉሡ ብሔራዊ መዝሙር፣ ከዚያ ወደ ክፍል።

ከኋላዬ የምትሰለፍ አንዲት ልጅ ነበረች። ክርስቲያን ናት። ከአምባሰል ቆላ መጥታ አክስቷ ቤት ነበር የምትማረው። «ክንድ ዘርጋ!» ሲባል እጇ ትከሻዬ ላይ ያርፋል። ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነበር እጇ። መዝሙሩን ያስያዘችኝ እሷ ናት። ወደ ቤት ስንመለስ ደግሞ እኔ እናቴ ቡና ላይ የምትለውን መንዙማ አስተምራታለሁ። ከእኔ አስበልጣ ነበር የምታሳምረው።

በ1965 ያ ድርቅ መጣ። ለክረምቱ ወደ ወላጆቿ ወረደች። በ66 መስከረም ትምህርት ሲከፈት አልመጣችም። አክስቷም ቤቱን ለቃ ነበር። «ክንድ ዘርጋ» ሲባል የሌላ ልጅ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ። በዓመቱ ንጉሡ ወረዱ፣ ያ የጠዋት መዝሙርም ቀረ።

እኔም አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ረሳሁት። ሰሞኑን ግን የአራት ዓመት የልጅ ልጄን ሳስተኛ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ልጁም ወደደው። «እማ፣ ያንን በይልኝ» ማለት ጀመረ። አንድ ማታ ልጄ ከሥራ ሲገባ ሰማኝ። እዚያው ልጁ ፊት «ይሄ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር አይደለም እንዴ? ልጄን ምን እያስተማርሽው ነው? ሁለተኛ እንዳልሰማ!» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በመካከላችን ሰላምታ እንጂ ወሬ የለም።

ሶላቴን አላጓደልኩም። እምነቴም አልተነቃነቀም። ግን ማታ ጋደም ስል ዜማው ይመጣል፣ እንባም ተከትሎት ይመጣል። ይባስ ብሎ ሁለተኛው አንጓ ጠፍቶብኛል። «ጮራ» የምትለው የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ነው ያለችኝ። ኃጢአት ሠርቼ ይሆን? በዚህ ዕድሜዬ ይህን መናፈቅ ምን የሚሉት ነው? ዝም ልበል ወይስ ልጄን ፊት ለፊት ልናገረው?

ሁለተኛው አንጓ የጠፋብኝ፣ ከደሴ

መልስ

እናቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ስለ መዝሙር የተጻፈ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን ሐሳቤ ትከሻዎ ላይ ቀረ። ሃምሳ ዓመት አልፎም እጇ ቀዝቃዛ እንደነበር ያስታውሳሉ። ስለዚህ ስለ ኃጢአቱም፣ ስለ ልጅዎም ከመናገሬ በፊት ስለዚያች ልጅ ላውራ።

ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ አልመጣችም። ከዚያስ? ማን ምን አለዎት? መምህሩ ስሟን ጠርቶ ዝም ሲባል ወደሚቀጥለው ስም አለፈ? በዚያ ዓመት ረሃቡ ይደበቅ እንደነበር ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ሰዉ ከቆላው እየወጣ የአስመራው መንገድ ዳር ሰፍሮ፣ መኪና እያስቆመ እንኳ በይፋ አይወራም ነበር። ታዲያ ሰልፍ ላይ ስለጎደለች አንዲት ልጅ ማን ይናገራል? እርስዎም ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። እኛ አገር ሰው ሲጠፋ ድንኳን ይተከላል፣ ይለቀሳል፣ ሰደቃ ይወጣል፣ ተዝካር ይወጣል። ለእሷ ከእነዚህ አንዱም አልሆነም። እርስዎም ቁጭ ብለው አላለቀሱላትም። አሁን ማታ ማታ የሚመጣው እንባ የዚያ የቆየ ለቅሶ ይመስለኛል። መዝሙሩ ይዞት ስለመጣ የመዝሙሩ እንባ መሰለዎት።

ለምን አሁን? ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ የሚያዋራ ባለቤት የለም። ዓይንዎ ደክሟል። ሰው ማየቱ ሲቀንስ ጆሮው ወደ ኋላ መስማት ይጀምራል። ደግሞም በልጅነት በየጠዋቱ፣ ቆሞ፣ በጋራ የተዘመረ ነገር ከሌላው ትምህርት ሁሉ ጠልቆ ይቀመጣል። የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ጠፍቶ መዝሙሩ መቅረቱ ለዚህ ነው። ሕፃኑን እቅፍ ሲያደርጉ ደግሞ ያለፈው ሙቀት ሁሉ በአንድ ላይ ተነሣ። እዚህ ውስጥ የሚያሳፍር ነገር አይታየኝም።

የራሴን ልንገርዎት። እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁት በ1974 ዓ.ም. ወልዲያ ነው። በእኛ ጊዜ የሚዘመረው «ኢትዮጵያ ቅደሚ» ነበር። ዛሬ ያ ዜማ የሆነ ቦታ ቢሰማኝ ቀጥ ብዬ ልቆም ምንም አይቀረኝም። የዩኒፎርሜ ኪስ ውስጥ ያለው የሽምብራ ቆሎ ይሸተኛል። አርፍዳ በር ላይ የተንበረከከችው ጓደኛዬ ትታየኛለች። ያ መንግሥት ይመለስልኝ ማለቴ ነው? በጭራሽ። የናፈቀኝ ቆሎውና ጓደኛዬ ናቸው። የእርስዎም ናፍቆት ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም።

ኃጢአት ነው ወይ ላሉት፣ ፈትዋ መስጠት የእኔ ቦታ አይደለም። ልብዎ አላርፍ ካለ የሚያምኑባቸውን አንድ ሼህ ይጠይቁ። ሲጠይቁ ግን «መዝሙር ዘመርኩ» ብለው ብቻ አያቁሙ። ልጅቷንም፣ ሰልፉንም፣ አባትዎ ያሉትንም ይንገሯቸው። ሙሉውን ሰምተው ቢመልሱልዎ ነው የሚያሳርፍዎ።

አሁን ወደ ልጅዎ ልምጣ። የተናገረበት መንገድ አሳዝኖኛል፣ አልደብቅዎትም። እናትን በገዛ ልጅ ፊት መቆጣት ልክ አይደለም። ሕፃኑም የሚወደውን ነገር አባቱ እንደ ጥፋት ሲቆጣበት አይቷል፣ ግራ ይገባዋል። ግን እስቲ አንድ ነገር አብረን እናስብ። ልጅዎ «መዝሙር» የሚለውን ቃል ሲሰማ ምን ይመጣበታል?

የአራት ዓመት ልጅ ካለው ሠላሳዎቹ ውስጥ ይሆናል ብዬ ልገምት። እንዲያ ከሆነ ትምህርት ቤት የገባው ከ1984 ወዲህ ነው። ሰልፍ ላይ የዘመረው ዛሬም የሚዘመረውን ብሔራዊ መዝሙር ነው። ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ተብሎ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ተጽፏል። የጠዋት ጸሎት፣ የፈጣሪ መዝሙር በሰልፍ ላይ የሚባል ነገር እሱ አያውቅም። ለእሱ መዝሙር ከቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ የሚሰማው ነው። መዝሙር የእነሱ፣ መንዙማ የእኛ፤ ድንበሩ እዚህ ጋ ነው። ለእርስዎ ግን መዝሙር ማለት ጠዋት ነው። ጉም ነው፣ ቸርኬ ነው፣ ትከሻ ላይ ያለ እጅ ነው። ያን ማታ ሁለታችሁም «መዝሙር» ስትሉ ስለ አንድ ነገር አልነበረም የምታወሩት። እሱ ልጁን ሊወስድበት የመጣ ነገር ሰማ። እርስዎ ደግሞ ጓደኛዎን «ውጪ» ያለብዎ መሰለዎት።

ስለዚህ «ፊት ለፊት ልናገረው?» ላሉት መልሴ አዎ ነው፤ ይናገሩት። ግን ስለ መዝሙሩ አይከራከሩት። በክርክር ቢያሸንፉት እንኳ የሚያተርፉት ነገር የለም። ደግሞም አባት ልጁ በምን ሃይማኖት እንደሚያድግ ቢጨነቅ መብቱ ነው ብዬ አምናለሁ። አባትዎም እኮ «ዲኑ እኔ ቤት አለ» ብለው ይሄንኑ ነው የያዙት። ልዩነቱ እሳቸው አልፈሩም። ልጅዎ ግን ፈርቷል። ዘመኑም የሚያስፈራ ነው። ትንሹ ነገር ሁሉ ወገን የሚለይበት ሆኗል፤ ወሎ ውስጥ እንኳ፣ የልጅ ስም የሙስሊም የአባት ስም የክርስቲያን ሆኖ ማንም ዞር ብሎ በማያይበት አገር።

ከሥራ ሲገባ አያናግሩት። ያኔ ደክሞታል፣ እርስዎም ቀኑን ሙሉ ሲያብሰለስሉት ውለው ነው። ሥራ የሌለው ቀን ይጠብቁ። ከሰዓት፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሕፃኑ ሲተኛ ይሁን። ምራትዎም ትቀመጥ። ይህን ሁሉ ቁጭ ብላ የጻፈችልዎ እሷ ናት። ታሪኩን ከልጅዎ ቀድማ ሰምታለች፣ አልከፋትም፣ ፖስታ ቤትም አድርሳልዎታለች። በዚያ ቤት ብቻዎን አይደሉም እናቴ።

ምን ብዬ ልጀምር ካሉ እንዲህ ቢሉት ደስ ይለኛል፦ «ልጄ፣ ያን ማታ ተቀይሜሃለሁ። አሁን የጠራሁህ ግን ስለ መዝሙሩ ልሟገትህ ብዬ አይደለም። ስለ አንዲት ልጅ ልነግርህ ነው።» ከዚያ ለእኔ የጻፉልኝን ይንገሩት። ስለ ድርቁም አይዝለሉት። ለመሆኑ ስለ 65ቱ ነግረውት ያውቃሉ? ያንን ያየ ትውልድ ለልጆቹ ሳይናገር እንደሚቀር ከብዙ ደብዳቤ አይቻለሁ። «ለምን አስጨንቃቸዋለሁ» ይላል። ልጅዎ እናቱ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ያየችውን ካላወቀ፣ እንባዋን ከየት አምጥቶ ይረዳዋል?

ሕፃኑስ? እስክትነጋገሩ ድረስ ቃሉን ባይሉለት እመርጣለሁ። አባትየው ሳያውቅ መደበቅ ከተጀመረ ነገሩ እውነትም ጥፋት መምሰል ይጀምራል። ዜማውን ግን ማን ይከለክልዎታል? በ«እሹሩሩ» ያዚሙት። ሕፃን የሚተኛው በድምፅዎ ነው፣ ቃሉን መች ሰምቶት! ሲያድግና አባቱ ሲፈቅድ፣ «ይህን እኔ በልጅነቴ ትምህርት ቤት የምንለው ነበር፣ ጓደኛዬ ናት ያስተማረችኝ» ብለው በታሪክነቱ ይነግሩታል።

እዚህ ላይ ስለ ዜማው አንድ ነገር ልጨምር፤ የሙዚቃ ሰው ባልሆንም ነገሩ ስለሚገርመኝ ነው። አራቱን ቅኝቶች ያውቋቸዋል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ባቲና አምባሰል የእኛው አገር ስሞች ናቸው። አራቱም በአምስት ድምፅ ነው የሚሄዱት። ያ መዝሙር በአገር ዜማ የተሠራ ከነበረ፣ ከእናትዎ መንዙማ ጋር አንድ ቅኝት ላይ ተቀምጦም ሊሆን ይችላል። ጓደኛዎ መንዙማውን ከእርስዎ አስበልጣ ያሳመረችው ለዚህ ይሆን? አምባሰልን እኮ ከአገሯ ይዛ ነው የመጣችው። እስቲ አንድ ቀን ለብቻዎ ሲሆኑ መዝሙሩንና መንዙማውን አከታትለው ያንጎራጉሯቸው። ምን እንደሚሰማዎት ማወቅ እፈልጋለሁ።

የጠፋው አንጓስ? እኔ ተስፋ አልቆርጥም። «ከ‹ነ› በፊት ያለው ፊደል ማን ነው?» ብልዎ ይቸገራሉ። ከ«ሀ» ቢጀምሩ ግን ሳያስቡት ይደርሱበታል። መዝሙርም እንደዚያ ነው። ከመካከል አይያዝም። ስለዚህ ማታ ጋደም ብለው አይፈልጉት። ጠዋት ይነሡ፣ በረንዳ ላይ ወይ ግቢ ውስጥ ይቁሙ፣ እንደ ሰልፉ። ከመጀመሪያው አንጓ ይጀምሩና ቃሉ ሲጠፋ አያቁሙ። በዜማው ብቻ እያንጎራጎሩ «ጮራ» እስከምትለው ቃል ድረስ ይሂዱ። ደጋግመው ይሞክሩት። ቃል በቃል ላይመጣ ይችላል፣ ግን ስንጥቅጣቂ ነገር ይመጣል። የመጣውን ምራትዎ በስልኳ ትቅረጸው። አንድ ጊዜ ከጠፋ ሁለተኛ ላይመለስ ይችላልና።

እርስዎ ጋ ያልመጣው ሌላ ሰው ጋ ይኖራል። አብረው የተማሩ ሰዎች ዛሬም ደሴ ውስጥ አሉ። በኢድር፣ በገበያ፣ በሰፈር ይጠይቁ። የመጀመሪያውን አንጓ ብቻ ያሰሟቸው፣ የቀረውን አፋቸው ራሱ ይቀጥለዋል። ከሚስዮኖቹ ጋር የኖሩ አረጋውያን ቤት ደግሞ የድሮ የመዝሙር መጽሐፍ አይጠፋም። ምራትዎ ሄዳ ብትጠይቅ ነውር የለውም። ደስ ብሏቸው ነው የሚያሳይዋት።

ስለ ዓይንዎም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሣል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርብዎ ነው፣ ለዓይን ሕክምናም ስሙ የታወቀ ነው። ልጅዎን «ውሰደኝ» ይበሉት። አብሮ መንገድ መሄድ ለቀረው ወሬም ይረዳል። ከዚያ መጽሐፉ ቢገኝ በራስዎ ዓይን ያነቡታል።

አንድ የከበደ ነገር ቀረኝ። ደብዳቤዎ ላይ «ሞተች» የሚል ቃል የለም። «አልመጣችም» ነው ያሉት። እውነት ምን እንደሆነች ያውቃሉ? ያኔ ብዙ ቤተሰብ አለቀ። ብዙ ቤተሰብም ተበተነ፣ ሌላ አገር ሄዶ ቀረ። ከንቱ ተስፋ ልሰጥዎ አልፈልግም። መልሱ እርስዎ የፈሩት ሊሆን ይችላል። ግን የአክስቷ ጎረቤቶች ልጆች አሉ። ከአምባሰል ቆላ ደሴ የሚመላለሱ ሽማግሌዎች አሉ። ለማወቅ ልብዎ ከቻለ ያስጠይቁ። ካልቻለም አያስጠይቁ፣ ማንም አይወቅስዎትም።

እኔን ግን ይሄ ሐሳብ አልለቅ ብሎኛል። በሕይወት ካለች ዕድሜዋ እንደ እርስዎ ነው። ምናልባት የሆነ ቤት ውስጥ አንዲት ክርስቲያን አያት ቡና እየቆላች፣ ሳታስበው፣ የእናትዎን መንዙማ ታንጎራጉር ይሆናል። ልጇም ብቅ ብሎ «እማዬ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላት ይሆናል። እሷስ ምን ብላ ትመልስለት ይሆን?

ከሌለችም ቡናው ላይ ያንሷት። እጣኑ ሲጤስ፣ በረካው ሲቀዳ፣ ቤተሰቡ እንደተቀመጠ ስለ እሷ ያውሩ። እንባዎ ቢመጣ አይጥረጉት። ልጅዎም ይየው።

ደብዳቤዎን ላጥፈው ስል አንድ ነገር አስተዋልኩ። እጇን ነግረውኛል፣ አገሯን ነግረውኛል፣ ድምፅዋን ነግረውኛል። ስሟን ግን የትም ቦታ አልጻፉትም። ለእኔ አይንገሩኝ። ልጅዎ አጠገብዎ ሲቀመጥ ከስሟ ይጀምሩለት።